ለ944 ቱርቦ ባለ 3 ሊትር ሞተር፦ ምን ያስገኛል፣ ምን ያስከፍላል?

የጀርመኑ የስፖርት መኪና ፖርሽ 944 ቱርቦ ለገበያ የቀረበው በ1985 ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የመጨረሻዎቹ መኪኖች እንኳን አሁን ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በዚህ ዕድሜ ሞተር ይደክማል። ፋሻ (የፒስቶኑ ቀለበት) ያልቃል፣ የቢየላ ብሮንዚና (የፒስቶኑ ዘንግ የሚዞርበት ማረፊያ) ይበላል፣ ዘይት መጠጣት ይመጣል። ባለቤቱ እዚህ ሲደርስ አራት መንገድ ይታየዋል። ያለውን ሞተር እንደነበረ ማደስ ይችላል። የአሜሪካ ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር መክተትም አለ፤ ብዙዎች አድርገውታል። አንዳንዱ ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል። አራተኛው ከዚያው ከፖርሽ ቤት፣ ቱርቦ ከሌላቸው ወንድሞቹ ከ944 ኤስ2 ወይም ከ968፣ ባለ 3 ሊትሩን ሞተር አውጥቶ መግጠምና ቱርቦውን (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋውን ዕቃ) እሱ ላይ ማሠር ነው።

እኔን የሚስበኝ አራተኛው ነው። ሰው በብዛት የሚሳሳተውም እዚያው ላይ ነው። ስህተቱ ደግሞ ውድ ነው፤ ምክንያቱም የሚበላሸው በቀላሉ የማይተካ ዕቃ ነው። ኤስ2 የተመረተው ከ1989 እስከ 1991 ብቻ ነው። 968 ከ1992 ሞዴል እስከ 1995 ድረስ ተሠርቶ ቆመ፤ በጠቅላላው ከ13 ሺህ ያነሱ ናቸው የወጡት። አንድ ባለ 3 ሊትር ሞኖብሎክ (ሲሊንደሮቹን የያዘው የሞተሩ አካል) በተሳሳተ ሥራ ሲቃጠል፣ ከዚህች ትንሽ ክምችት ላይ አንድ ተቀነሰ ማለት ነው።

ለምን ይገጥማል ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ሞተሮች ናቸው። ፖርሽ የ944ን አራት ሲሊንደር ሲነድፍ የተነሣው 928 ከሚባለው ሌላ መኪናው ቪ8 ሞተር ነው፤ ግማሹን ወሰደ ቢባል ብዙም አይሳሳትም። ሞተሩ 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ ተጋድሞ ይቀመጣል። ትልልቅ አራት ሲሊንደሮች ያላቸውን ንዝረት ለማጥፋት ሁለት ሚዛን ጠባቂ ዘንጎች አሉት፤ ፖርሽ ለዚህ ለሚትሱቢሺ የፈቃድ ክፍያ ይከፍል ነበር። ሞተሩ ፊት፣ ካምቢዮው ኋላ፣ በመሃል የሚያገናኛቸው ረጅም ቱቦና ዘንግ። ይህ አቀማመጥ ከ944 እስከ 968 አልተለወጠም። ስለዚህ የሞተሩ መቀመጫም፣ ከኋላ የሚያያዝበት ቤትም ይስማማል። ቪ8 የሚከት ሰው ብረት ቆርጦ ብረት ሲበይድ፣ የ3 ሊትሩ ሰው ያንን ራስ ምታት ይዘለዋል። መኪናውም ክብደቱ ከፊትና ከኋላ ተመጣጥኖ እንደነበረ ይቀራል፤ 944ን የሚወድ ሰው ደግሞ የሚወደው በአብዛኛው ለዚሁ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። የቱርቦው 2.5 ሊትር ሞተር የሲሊንደር ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር፣ የፒስቶኑ ምልልስ 78.9 ሚሊ ሜትር ነው። በጠቅላላው 2,479 ሲሲ። የኤስ2 እና የ968 ሞተር 104 በ88 ነው፤ 2,990 ሲሲ። ልዩነቱ 21 በመቶ ገደማ ነው። ቱርቦ ባለው መኪና ላይ ግን ይህ 21 በመቶ ከሚመስለው በላይ ይሠራል።

የ944 ቱርቦ ትልቁ ቅሬታ መዘግየቱ ነው። ነዳጅ ትረግጣለህ፣ ቱርቦው እስኪነሣ ትጠብቃለህ፣ በደቂቃ ከ3,000 ዙር በታች መኪናው የሞተ ይመስላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቱርቦውን የሚያሽከረክረው ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ነው፤ በዝቅተኛ ዙር የሚወጣው ጭስ ትንሽ ነው። ሞተሩ በ21 በመቶ ሲተልቅ በዚያው ዙር ላይ የሚወጣው ጭስም በዚያው ልክ ይጨምራል። ቱርቦው ቀድሞ ይነቃል። ከመንቃቱ በፊትም ሞተሩ በራሱ ጉልበት አለው።

ሁለተኛው ጥቅም ግፊት ነው። የመጀመሪያው ቱርቦ 220 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣው ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ከከባቢው አየር በ0.75 ባር ገደማ በላይ ተገፍቶ ነው። በፍጹም ግፊት ስናሰላው 1.75 ባር ይሆናል። 2.479ን በ1.75 ስናባዛ 4.34 እናገኛለን። ያንኑ ያህል አየር በ2.99 ሊትር ውስጥ ለማስገባት 1.45 ባር ይበቃል። ማለትም 0.45 ባር ብቻ መግፋት። ያው ጉልበት፣ በጣም ባነሰ ግፊት። አየሩ ሲታመቅ የሚፈጠረው ሙቀት ይቀንሳል፣ ቱርቦውም ያን ያህል አይለፋም። ብዙ ሰው ትልቅ ሞተር ሲያስብ ከፍተኛ የፈረስ ጉልበት ብቻ ይታየዋል። እኔ ትልቁ ትርፍ እዚህ ዕረፍት ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ይህ የጋራዥ ሰዎች ቅዠት ብቻ እንዳልሆነ ፖርሽ ራሱ አሳይቷል። በ1993 ኩባንያው 968 ቱርቦ ኤስ የሚባል መኪና ሠራ። ቁጥራቸው ከ20 ያነሰ ነው። ያደረገው ምንድን ነው? የ968ን ባለ 3 ሊትር ሞኖብሎክ ወሰደ። ባለ 16 ቫልቩን ቴስታታ (ቫልቮቹን የያዘውን የሞተሩን ክዳን) ግን ተወው። በምትኩ ከ944 ቱርቦ ኤስ የመጣውን ባለ 8 ቫልቭ ቴስታታ ጫነበት፤ ኮምፕሬሽኑንም (ፒስቶኑ አየሩን ስንት እጥፍ እንደሚያምቀው የሚያሳየውን ቁጥር) ወደ 8 ለ1 አወረደው። የተገኘው 305 የፈረስ ጉልበትና 500 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የመጠምዘዝ ኃይል) ነው፤ ያውም በ3,000 ዙር። ከ1988ቱ 944 ቱርቦ ኤስ ጋር አወዳድሩት፦ 250 የፈረስ ጉልበት፣ 350 ኒውተን ሜትር በ4,000 ዙር። ጉልበቱ በ55 ጨመረ። ቶርኩ ግን በ150 ኒውተን ሜትር ጨመረ፣ ያውም 1,000 ዙር ቀድሞ። መንገድ ላይ የሚሰማህ ይህ ነው።

ስለ ፋብሪካው ምርጫ አጥብቄ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ፖርሽ እጁ ላይ ዘመናዊ ባለ 16 ቫልቭ ቴስታታ እያለው አሮጌውን ባለ 8 ቫልቭ መረጠ። ዛሬ ግን ብዙ ሰው የሚጀምረው ከተቃራኒው ነው። የኤስ2 ሞተር ሙሉውን ይገዛል፣ ማኒፎልድ (የጭስ ሰብሳቢ ቧንቧ) ያሠራለታል፣ ቱርቦ ያንጠለጥልበታል፣ ይነዳል። ጉድ የሚፈላው እዚህ ነው።

የኤስ2 ሞተር ኮምፕሬሽኑ 10.9 ለ1 ነው። የ968ቱ 11 ለ1። እነዚህ አየርን በራሳቸው ለሚስቡ ሞተሮች የተመረጡ ቁጥሮች ናቸው። የ944 ቱርቦ 8 ለ1 ነው፤ ዝቅ የተደረገው ቱርቦው ቀድሞ ያመቀውን አየር ፒስቶኑ እንደገና ስለሚያምቀው ነው። 10.9 ላይ ቱርቦ ስትጨምር በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ሙቀትና ግፊት ከልክ ያልፋል። ያልተቃጠለው ድብልቅ የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት በራሱ ይፈነዳል። መካኒኮች ሞተሩ አንኳኳ የሚሉት ይህንን ነው። ማንኳኳት ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞኖብሎኩ መካከል ያለውን ማሸጊያ) ያቃጥላል፣ የፒስቶን ጠርዝ ይሰብራል፣ ብሮንዚና ይቀጠቅጣል። በጀርመን ባለ 98 ኦክቴን ቤንዚን እያለ አደጋ የሆነ ነገር፣ በካሊፎርኒያ ማደያ 91 ብሎ በሚሸጠው ደግሞ ይብሳል። የአሜሪካው የአቆጣጠር ዘዴ የተለየ ስለሆነ ቁጥሮቹ በቀጥታ አይወዳደሩም፤ ቢሆንም የጀርመኑ ይሻላል።

አንዳንዱ ኮምፕሬሽኑን ለማውረድ ወፍራም ጓርኒሲዮን ያስገባል። ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል። እኔ አልደግፈውም። ፒስቶኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ በጠርዙና በቴስታታው መካከል የሚቀረው ጠባብ ክፍተት ድብልቁን ወደ መሃል እንዲገፋና በደንብ እንዲያማታ ታስቦ የተሠራ ነው። ያንን ክፍተት ስታሰፋው ኮምፕሬሽኑ ይወርዳል፤ ማቃጠሉ ግን ይበላሻል። ማንኳኳቱ ከጠበቅከው ያነሰ ቅናሽ ነው የሚያሳየው። ትክክለኛው መፍትሔ አዲስ ፒስቶን ነው።

አዲስ ፒስቶን ሲባል ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ይህኛው ብዙም አይወራለትም፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። የእነዚህ ሞተሮች ሞኖብሎክ አሉሲል ከሚባል ብረት ነው የተሠራው፤ አሉሚኒየም ሆኖ 17 በመቶ ያህል ሲሊከን ያለበት። ውስጡ የብረት እጀታ የለም። ሲሊንደሩ ተሞርዶ ካለቀ በኋላ አሉሚኒየሙ በጥቂቱ ወደ ውስጥ እንዲሸሽ ይደረግና ጠንካራዎቹ የሲሊከን ቅንጣቶች ብቅ ይላሉ። ፋሻውና ፒስቶኑ የሚንሸራተቱት በእነዚህ ቅንጣቶች ላይ ነው። ፒስቶኑም አሉሚኒየም ስለሆነ ባዶውን ቢሄድ ይበላላል። ስለዚህ ፋብሪካው የፒስቶኑን ጎን በስስ የብረት ሽፋን ይለብጠዋል።

ከገበያ የሚገዙት በመቀጥቀጥ የተሠሩ ጠንካራ ፒስቶኖች ብዙዎቹ ይህ ሽፋን የላቸውም። ሽፋን የሌለውን ፒስቶን በባዶ አሉሲል ላይ ማስገባት ሞተሩን ገና ሳይጀምር መግደል ነው። አማራጩ ሁለት ነው። ወይ ለአሉሲል የተለበጠ ፒስቶን ፈልገህ ሞኖብሎኩን አሉሲል በሚያውቅ ወርክሾፕ ታስሞርዳለህ። ወይ ሲሊንደሩን እጀታ ታስገባለታለህ፣ ወይም ኒካሲል በሚባለው የኒኬልና የሲሊከን ካርባይድ ሽፋን ታስለብጠዋለህ። ሁሉም ገንዘብ ይጠይቃሉ። ተራ የሞተር ሞርድ ቤት ወስደህ እንደ ብረት ሞኖብሎክ ካስሞረድከው ግን ሲሊከኑን ይቧጭረዋል፤ ከዚያ በኋላ ዘይት መጠጣቱ አይቆምም።

ቴስታታውን በተመለከተ የፋብሪካው ምርጫ ምስጢር አለው። የ944 ቱርቦ ቴስታታ የተነደፈው ለሙቀት ነው። በጭስ መውጫዎቹ ውስጥ የሴራሚክ ሽፋን አለ፤ ሙቀቱ ወደ ቴስታታው ከመግባት ይልቅ ወደ ቱርቦው እንዲሄድ። ማኒፎልዱም፣ ጭሱን ከቀኝ ጎን በሞተሩ ሥር አሻግሮ በግራ በኩል ወዳለው ቱርቦ የሚወስደው ቧንቧም የተሠሩት ለእሱ ነው። ባለ 16 ቫልቩ ላይ ከእነዚህ አንዱም አይገጥምም፤ ሁሉም አዲስ ይሠራል። በተጨማሪም በባለ 16 ቫልቩ ሁለት ካምሻፍቶች (ቫልቮቹን የሚከፍቱ ዘንጎች) መካከል ያለችው ሰንሰለት የምትወጠረው በፕላስቲክ መዳፎች ነው። መዳፎቹ በዕድሜ ይሰበራሉ። ሲሰበሩ ቴስታታውን ይዘው ይሄዳሉ። ባለ 8 ቫልቩ ይህ ችግር የለበትም። በከፍተኛ ዙር የተሻለ የሚተነፍሰው ባለ 16 ቫልቩ መሆኑ እውነት ነው። ለውድድር ከሆነ ልረዳው እችላለሁ። ለመንገድ ግን 500 ኒውተን ሜትር በ3,000 ዙር ያገኘ ሰው ከዚያ በላይ ምን እንደሚፈልግ አይገባኝም።

ባለ 8 ቫልቩም ቢሆን ዝም ብሎ አይቀመጥም። የተነደፈው ለ100 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር ስለሆነ በ104 ላይ ሲጫን የማሽን ሥራ ይፈልጋል። የ3 ሊትሩ ሞኖብሎክ ሲሊንደሮችም እርስ በርስ የተጣበቁ ናቸው፤ በመካከላቸው ውሃ አያልፍም። በዚህ የተነሣ ጓርኒሲዮኑ የሚቀመጥበት ገጽ ፍጹም ለጥ ያለ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ ነገ ራዲያተር ውስጥ ዘይት ማየት ነው።

የተቀሩትን በፍጥነት ልለፋቸው። የመኪናው የመጀመሪያ ቱርቦ፣ ኬ26 የሚባለው፣ በ3 ሊትር ላይ ቶሎ ይነሣል፤ በከፍተኛ ዙር ግን ጭሱን ማሳለፍ ያቅተዋልና ሞተሩን ያንቀዋል። ትንሽ ከፍ ያለ ቱርቦ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የነዳጅ ኮምፒውተርና ማንኳኳትን የሚቆጣጠረው ጓደኛው የተቃኙት ለ2.5 ሊትር ነው። አየሩን የሚለካው ባለ መዝጊያው መለኪያም ያንቃል። አዲስ ፕሮግራም የሚቀበል ኮምፒውተር መግጠምና ነዳጁን በመለኪያ ማሽን ላይ ማስተካከል የግድ ነው። ፍሪሲዮኑ 500 ኒውተን ሜትር አይችልም። ካምቢዮው ከአውዲ የመጣ ነው፤ ለቱርቦው ተጠናክሯል፣ ግን ወሰን አለው። በመጀመሪያ ማርሽ ነዳጅ እየረገጠ ፍሪሲዮን የሚለቅ ሰው በማንኛውም ሞተር ይሰብረዋል። የሁለተኛው ሲሊንደር የቢየላ ብሮንዚና ደግሞ በዚህ ሞተር ቤተሰብ ሁሉ የታወቀ ደካማ ቦታ ነው፤ ረጅም መታጠፊያ ላይ ዘይት ያጣል። በ88 ሚሊ ሜትር ምልልስ የፒስቶኑ አማካይ ፍጥነት በ6,500 ዙር ከ17 ወደ 19 ሜትር በሰከንድ ይወጣል። ስለዚህ የዘይቱ ጉዳይ በ3 ሊትሩ ላይ የበለጠ ይከብዳል፤ ይቀልላል ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው መሃከለኛ መንገድም አለ። ከ3 ሊትሩ ሞተር ኮሎውን (ክራንክሻፍቱን፣ ማለትም ፒስቶኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) ብቻ ወስዶ በ2.5ቱ ሞኖብሎክ ውስጥ መግጠም። 100 በ88 ሲሆን 2,765 ሲሲ ይመጣል፤ ሰዎቹ 2.8 ይሉታል። ፒስቶኑ አሁንም በልክ መሠራት አለበት። ግን የቱርቦው ቴስታታ እንዳለ ይቀመጣል። ውሃው በእያንዳንዱ ሲሊንደር ዙሪያ መዞሩን ይቀጥላል። የሞተር ቁጥሩም ያው ፋብሪካው የመታው ቁጥር ነው። የ2.5 ሞኖብሎኩ ጤነኛ ለሆነ ባለቤት እኔ የምመክረው ይህንን ነው። የ944 ቱርቦ ዋጋ እየጨመረ ሲሄድ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሞተሩ የመኪናው ነው ወይ ብሎ ነው። 3 ሊትሩ የሚገባው ሞኖብሎኩ ለተሰነጠቀበት ወይም ሲሊንደሩ ለተቧጨረበት ሰው ነው።

ከወንድም ሞተር መበደር የፖርሽ ብቻ ልማድ አይደለም። ሱባሩ ለአሜሪካ ገበያ ኤስቲአይ የሚባለውን ፈጣን መኪናውን የ2004 ሞዴል ባለ 2.5 ሊትር አደረገው፤ በጃፓን ግን 2 ሊትሩ ቀጠለ። ትልቁ ሞተር ከታች ጉልበት አለው። በሌላ በኩል ሲሊንደሩ ከ92 ወደ 99.5 ሚሊ ሜትር ስለሰፋ ግድግዳው ሳስቷል፣ የፋሻ ማረፊያውም ሲሰበር በብዛት ታይቷል። በአውስትራሊያ ደግሞ ከ1986 እስከ 1988 በተሠራው ሆልደን ኮሞዶር ላይ የነበረውን የኒሳን አርቢ30 ሞኖብሎክ ወስደው የስካይላይን ጂቲአርን ቴስታታ ይጭኑበታል። ምልልሱ ከ73.7 ወደ 85 ያድጋል። ሞኖብሎኩ ረጅም ስለሆነ ግን ቺንጋውም፣ ቧንቧውም፣ ኮፈኑም ጣጣ ያመጣሉ። አንዱ በስፋት አድጎ ግድግዳ አጣ፤ ሌላው በቁመት አድጎ ቦታ አጣ። የፖርሹ ሁለቱንም በጥቂቱ አድርጎታል።

ሕጉስ? በካሊፎርኒያ ከ1976 ወዲህ የተሠራ የቤንዚን መኪና የጭስ ምርመራ አለበት። ሞተር ሲቀየር አዲሱ ሞተር ከመኪናው ዓመት እኩል ወይም ከዚያ በኋላ የተሠራ መሆን፣ ከነሙሉ የጭስ መቆጣጠሪያ ዕቃው መግባት፣ ለዚሁ በመንግሥት በተመደበ የምርመራ ጣቢያም መታየት አለበት። የ1992 ሞተር በ1986 መኪና ውስጥ በዓመቱ ያልፋል። አየር በራሱ የሚስብ ሞተር ላይ ያልተፈቀደ ቱርቦ መጨመር ግን አያልፍም። በዚያ ግዛት የምትኖሩ ይህን ከገንዘቡ በፊት አጣሩ። በጀርመን ለውጡን መርማሪ መሐንዲስ ዐይቶ በመኪናው ሰነድ ላይ ካልተጻፈ መንገድ ላይ መውጣት አይቻልም። ከ30 ዓመት በላይ ለሆኑ መኪኖች የሚሰጠው የታሪካዊ መኪና ሰሌዳም ለውጡ ከመኪናው ዘመን ጋር የሚሄድ መሆኑን ያያል። ከ968 የመጣ ሞተር ለዚህ ከዘመናዊ ቪ8 ወይም ከባትሪ ይልቅ በጣም ይቀርባል።

እኛ አገር 944 ቱርቦ ፍለጋ የሚወጣ ሰው ብዙ አይመስለኝም። ሐሳቡ ግን ሩቅ አይደለም። የቶዮታ ዲዝል 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል ሞተሮች እንዲሁ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ከ2,446 ወደ 2,779፣ ከዚያ ወደ 2,986 ሲሲ። መንግሥት በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ያለውን መኪና ሞተር እየቀየሩ ማቆየት ጉዳዩ የሆነ ሰው ይበዛል እንጂ አይቀንስም። እዚያም የሚገባውን ሞተር ኮምፕሬሽን መለካት፣ ነዳጁን ለአዲሱ ሞተር ማስተካከል፣ ሊብሬ ላይ ያለውን የሞተር ቁጥር ማስቀየር ይቀድማል።

ለ944 ባለቤት ግን የምለው ይህን ነው። ለወርክሾፑ ቀብድ ከመስጠትህ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቅ። ፒስቶኑ ለአሉሲል የተለበጠ ነው ወይስ ሞኖብሎኩ ይለበጣል? ኮምፕሬሽኑ ስንት ይሆናል፣ በየትኛው ቤንዚን? ነዳጁን ማን፣ በየትኛው ማሽን ላይ ያስተካክለዋል? ባለሙያው ለሦስቱም በቁጥር ከመለሰልህ ሥራው ይጀመር። ካልመለሰልህ 2.5ቱን በሚገባ አሳድስና ንዳው። የወጣውን ሞተርም፣ የትኛውንም ብትመርጥ፣ ዘይት ቀብተህ ደረቅ ቦታ አስቀምጠው፤ ለቁርጥራጭ ብረት አትሽጠው።